የበዳዳ «አይ»

ስትሮኩ ከበዳዳ አፍ ቃሉን ሁሉ ጠራርጎ ወስዶ አንዲት ብቻ ተወለት፤ «አይ»። የኮተቤን ምእመን ሲያስቅና ሲያስለቅስ የኖረ ሰባኪ፣ ውሃ ሲጠማው «አይ»፣ ጀርባው ሲያመው «አይ»፣ ልጁ ስትገባ ደስ ሲለው «አይ»። ራሱን ሲነቀንቅም አዎና አይደለም ይምታታበታል፤ የሚጽፍበት እጁም በድን ሆኗል። ለሰው ሁሉ እምቢታ ነው የሚመስለው። ሚስቱ ጥሩብርሃን ግን ለይታቸዋለች። አጭሯ ቁጣ ናት። ወደ ላይ የምትነሣዋ «ስጪኝ» ናት። ተጎትታ ወደ ታች የምትወርደው፣ እኛ «አይ ልጅነት!» ስንል የምንላት ዓይነት፣ እሷ የናፍቆትና የጸጸት ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ሳለ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያን መጡ። በሽተኛ መጠየቁ ሰበብ ነው፤ ጥሩብርሃን አልጠፋትም። ወሰን ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ በቆርቆሮ አዳራሽ የተከፈተች አዲስ አጥቢያ አለች። ሰባኪ ስላልተገኘላት ልጃቸው ርሆቦት ስታስተምርባት ከርማለች። ምእመኑ አሁን «እሷው ትሾምልን» ብሏል። ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፍለው ሲከራከሩ ሰነበቱና በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፤ በዳዳ ያለው ይሁን።

ለርሆቦት ይህ የምሥራች አይደለም። ሴት መድረክ ላይ ቆማ ወንድ አታስተምርም የሚለውን ትምህርት፣ ጳውሎስን እየጠቀሰ እዚያ ቤት የተከለው ራሱ አባቷ ነው። ጥሩብርሃን ግን ሌላው የማያውቀውን ታውቃለች። በዳዳ ሊታመም ሰሞን ልጁን ሊገሥጽ ወሰን ሄዶ ነበር። ሳይገባ ከደጅ ዝናብ ላይ ቆሞ ድምጿን ሰማ። የምታስተምረው «ረዳት» ስለሚለው ቃል ነበር፤ ለሔዋን የተሰጠው ይህ ስም፣ በመዝሙረኛው አፍ የእግዚአብሔርም ስም መሆኑን። በዳዳ በስብሶ ቤቱ ገባ።

«ምን አልካት?» አለችው ጥሩብርሃን፣ ካልሲውን እያወለቀችለት።

«ምንም። እናቴን ሰማኋት፣ ጥሩዬ።»

እናቱ በደርግ ጊዜ፣ ወለጋ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ታሽጎ ወንዶቹ ሲታሰሩ ምእመኑን ጫካ ለጫካ ያስተማረች ሴት ነበረች። ወንዶቹ ሲፈቱ አመስግነው ወደ ጓዳዋ መለሷት። በዳዳ ይህን በስብከቱ አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም። «እናቴን ዝም ያሰኛት ባህሉ ነው» አለ ያን ዕለት። «እኔ ደግሞ ባህሉን የእግዚአብሔር ቃል ነው ብዬ አስተማርኩ። እሁድ ለሽማግሌዎቹ እነግራቸዋለሁ።» እሁድ ሳትደርስ ስትሮኩ ግማሽ ጎኑን መታው።

«እትዬ፣ ጋሼን አንድ ነገር ልንጠይቃቸው ነው» አለ ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ኤልቃና። በዳዳ ኮትኩቶ ያሳደገው ደቀ መዝሙር ነው፤ ከባንክ ሥራው ሲወጣ እየመጣ እግሩን ያሽለታል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። ጎንበስ አለና ጆሮው የደከመ ይመስል ጮክ ብሎ ጠየቀው። «ጋሼ፣ ርሆቦት ለወሰን ሰባኪ ሆና ትሾም?»

የበዳዳ ዓይን ሚስቱን ፈለገ። ከዚያ ከሆዱ እየጎተተ፣ «አይይ...» አለ።

«ይኸው» አለ ኤልቃና ቀና ብሎ።

«እምቢ ማለቱ አይደለም!» አለች ጥሩብርሃን። «ይቺ የጸጸት ናት። ትሾም ነው የሚለው። ሳይታመም ነግሮኛል።»

«ማን ሰምቷል?» አለ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ጉተማ። በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣል።

«እኔ።»

«ካንቺ ሌላስ፣ እህቴ?»

ካልሲ ሲወልቅ ማን ምስክር ይጠራል? ዝናቡንም፣ ወለጋንም፣ እናቱንም ነገረቻቸው። ጉተማ እስከ መጨረሻው በትሕትና አዳመጣት፤ ትሕትናው አንገበገባት። «እናት ነሽ» አለ ስትጨርስ። «አንቺ ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ እል ይሆናል። ግን ሴት መሾም ከፈረንጅ የመጣ ነገር ነው። በዳዳ ሐሳቡን ከለወጠ በገዛ አፉ ይንገረን።»

በገዛ አፉ! ምን አፍ ቀረለት?

«አይቀየሙን እንጂ አፋቸውስ እዚህ አለ» አለ ኤልቃና፣ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ። የቆየ ስብከት ከፈተ። በዳዳ ጤነኛው፣ ባለ ነጎድጓዱ፣ ክፍሉን ሞላው።

«ሔዋን ረዳት ናት! ታክሲ ላይ ረዳት አይታችሁ የለም? ይጣራል፣ በር ይከፍታል፣ ሒሳብ ይቀበላል። መሪ ግን አይጨብጥም! ሾፌሩ ደከመኝ ቢል እንኳ አይጨብጥም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሳቁ መካከል አንዲት ቀጭን ሳቅ ለማይኩ ቀርባ ትሰማለች። ጥሩብርሃን የራሷን ሳቅ ለየችው። ያን ዕለት ፊት ወንበር ላይ ነበረች፤ በእውነትም አስቋት ነበር። አሁን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

አልጋው ላይ ያለው በዳዳ ደህና እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ። «አይ! አይ! አይ!» እንባው በጆሮ ግንዱ በኩል ትራሱ ላይ ወረደ።

«መንፈስ ቅዱስ ነካው!» አለ ጉተማ ብድግ ብሎ፣ የራሱም ዓይን እንባ አቅርሮ። «ሃሌሉያ! ሞት አፋፍ ላይ ሆኖም ከቃሉ ፍንክች አላለም።» ኤልቃና የተዘረጋውን እጅ ያዘና እያለቀሰ ሳመው።

«ዝጋው ነው የሚልህ! ስልኩን ዝጋው ነው!» ጥሩብርሃን ጮኸች። እነሱ ግን ጸሎት ጀምረዋል፤ ጸሎት ደግሞ አይቋረጥም። በልማድ የእሷም አንገት ተደፋ። «አሜን» ሲሉ አብራ አሜን ማለቷን ያወቀችው ከወጡ በኋላ ነው።

ርሆቦት ሲመሻሽ መጣች። ወሬው ቀድሟታል። «አባዬ አይ አለ አሉ» አለች ጫማዋን ሳታወልቅ። ጥሩብርሃን ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረቻት። ርሆቦት ሰምታ ስትጨርስ እናቷን አቀፈቻት።

«እማዬ፣ እንዳይከፋኝ ብለሽ ነው። አውቃለሁ።»

«አልዋሸሁሽም፣ ልጄ!»

«እሺ» አለች፤ ለሕፃን የሚባለውን እሺ። ከዚያ ወደ አልጋው ቀረበች። «አባዬ፣ እማዬ ያለችው እውነት ነው?»

በዳዳ ታገለ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ከንፈሩ ለ«አዎ» ሲከፈት ጥሩብርሃን አየች። አልወጣ ሲለው በራሱ ተናደደ፤ ያመለጠችውም የቁጣዋ ናት። «አይ!»

ርሆቦት ግንባሩን ሳመችው። «ግድ የለም፣ አባዬ። አልቀየምህም። ከነገ ጀምሮ ወሰን አልሄድም» አለችና ወጣች። የውጭው በር ሲዘጋ ተሰማ።

ጥሩብርሃን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ትራሱን ገለበጠችለት፤ በእንባ ርሶ ነበር። በዳዳ በሩን እያየ፣ ያችን ተጎትታ ወደ ታች የምትወርደዋን፣ «አይይ...» አለ።

«ሰማሁህ» አለችው።

የሰማችውን የምትነግረው ሰው ግን አልነበራትም።