«ሙከራ» ተብሎ የተመዘገበው ሆድ

"ትንፋሽ ያዝ። ቦርጩም ከቻለ ይያዝ" አለችው ረዳቱ በማይክሮፎን።

ኤምአርአይ ማሽኑ ሁለት ሳምንት ተበላሽቶ ዛሬ መጠገኑ ነው። በክፍሉ ልማድ የተጠገነ ማሽን በሕመምተኛ አይሞከርም፤ ከሠራተኞቹ አንዱ ይተኛበታል፣ "ሙከራ" በሚል ስም ይመዘገባል፣ ከሥራ መውጫ ላይ ፋይሉ ይጠፋል። ዛሬ ተራው የደረሰው የክፍሉ አለቃ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት የሰው ሆድ ዕቃ በምስል ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው፤ የራሱን ግን አይቶት አያውቅም።

"ጋሼ፣ ጉበትህ ከፊትህ ያምራል። አሁን ወደ ቆሽት ነኝ፤ ያዝ።"

ያዘ። "ልቀቅ" እስክትለው ጠበቀ። አላለችም። የማሽኑ መንኳኳት ቆመ። በራሱ ፈቃድ ተነፈሰ።

"ምነው ዝም አልሽ? እምቢ አለ እንዴ?"

"ማሽኑ ደህና ነው። ሐኪሙ ይነግሩሃል።"

ይህን አነጋገር ሥራ የጀመረች ቀን ያስተማራት እሱ ነው። ደህና የሆነውን "ጨርሰናል፣ ልብስዎን ይልበሱ" ብለው ነው የሚሸኙት።

ሐኪሙ ምስሉን ሁለት ጊዜ አመላለሱት። ቆሽቱ ላይ ሦስት ትንንሽ እጢዎች፣ ኩላሊቱ ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች።

"አባትህ አሉ?"

"በአርባ ሁለት ዓመቱ ሞተ። ራሴን አለ፣ ወደቀ፣ በቃ።"

"ሌላ የታመመ ዘመድስ?"

"የለም። አክስቴ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፤ እሱ ግን በልጅነቷ እሾህ ወግቷት ነው ይላሉ።"

"እሾሁን ያየ አለ?"

ያየ አልነበረም።

ሐኪሙ ቆመው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ወንበር ስበው ተቀመጡ። "በደም ምርመራ እናረጋግጣለን። ግን ከወላጅ የሚወረስ ይመስላል። ዓይን፣ አንጎል፣ ኩላሊት፣ ቆሽት ላይ እጢ የሚያበቅል ነው። ያንተ ገና ትንንሽ ናቸው፤ እየተከታተልን እንይዛቸዋለን። ልጅ አለህ?"

"አንዲት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።"

"እንዲህ ያለ በሽታ ከሁለት ልጅ ለአንዱ የመተላለፍ ዕድል አለው። እሷም ትታይ።"

"እኔ እኮ ያለችኝ አንድ ናት" አለ፣ ሂሳቡ የሚያስመልጣት ይመስል።

ልጅቷ ባለፈው ሳምንት ሰሌዳው አይታየኝም ብላ ነበር። እሱም "ስልክ ላይ ተተክለሽ እየዋልሽ" ብሎ ስልኳን ቀምቷት፣ እስካሁን መሳቢያው ውስጥ ነው።

ወደ ክፍሉ ሲመለስ ረዳቱ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣ ጠበቀችው። ቀና ብላ አላየችውም።

"ጋሼ... ላጥፋው? ሙከራ ነው፣ ማንም አይጠይቅም። ባለቤትህም አይሰሙ።"

ቢጠፋ፣ ማታ ቤቱ ሲገባ እንደ ትናንቱ ሰው ነው። ሚስቱ "ማሽኑ ተሠራ?" ትለዋለች፣ እሱም "ተሠራ" ይላታል።

"እስቲ ተነሺልኝ" አላት።

ተቀመጠ። "ሙከራ" የሚለውን ሰርዞ ስሙን ከነአባቱ ጻፈ። ከዚያ የነገውን ዝርዝር ከፈተና በመጀመሪያው ተራ የልጁን ስም አስገባ። ከስሟ ቀጥሎ በአባት ስም ቦታ የራሱን ስም ሲጽፍ፣ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ አረመው።