የዳያሲሪ ባዶ እጆች

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ምንጣፉ ለሁላችንም ይበቃል። ሻያችሁን ያዙ፣ ባሕሩ እዚያ ማዶ ያጉረምርም፣ እናንተ ግን እኔን ስሙኝ።

ኤድዊን ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጃንጥላውን ይፈልጋል። የሟቹ የዳያሲሪ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሽማግሌ፣ ቀጭን፣ ቁጣው ግን ገና ጎረምሳ። ያን ቀን ጧት መንገድ መጋጠሚያው ላይ ነጭ ሸራ ተሰቅሎ ነበር፤ በሸራው ላይ የዳያሲሪ ፎቶ፣ ግራ እጁ ኳስ ይዞ ወደ ሰማይ እንደ ተዘረጋ። ሸራውን ያሠራው ላይነል ነው፣ የሟች የልብ ወዳጅ። ኤድዊንን ሳያማክር ነው ያሠራው። ኤድዊን ደግሞ በብብቱ ሌላ ፎቶ ሸጉጦ መጥቶ ነበር፤ ዳያሲሪ የክሪኬት ዱላውን ይዞ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ።

«ወንድሜን ኳስ ወርዋሪ ብቻ አድርገህ ሰቀልከው» አለ ኤድዊን። «የኮኮናት ዝንጣፊ ጠርቤ ዱላ ያስጨበጥኩት እኔ ነኝ።»

«ጋሼ ኤድዊን፣ ዱላ የሚይዝማ አገሩን ሞልቶታል» አለ ላይነል፣ ቀና ሳይል። «ያቺን ኳስ ግን ከእሱ ሌላ የወረወራት የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ከመቺው ጀርባ ከተተከሉት እንጨቶች ኋላ ቁጢጥ ብዬ ያየኋት እኔ ነኝ።»

«ቁጢጥ ማለቱንማ ዶሮም ታውቅበታለች።»

ለቀስተኞቹ ሳቃቸውን በሻይ ብርጭቋቸው ሸፈኑ። ኤድዊን ጃንጥላውን አገኘ። በሰባተኛው ቀን የምጽዋቱን ውሃ ከዚህ ሰውዬ ጋር እንደማይይዝ፣ እጁ ከእጁ ጋር አንድ ማንቆርቆሪያ ላይ እንደማያርፍ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ። ከዚያ ደረጃውን ሲወርድ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከየሰዉ ቤት ሲወጣ እንደሚለው፣ አፉ ብቻውን ቀደመው፤

«ሄጄ እመጣለሁ።»

በፖልዋታ መንደር ሰው ከሰው ቤት ሲወጣ ይህንኑ ነው የሚለው፣ ከአንድ ቤት በቀር። ከለቅሶ ቤት የሚወጣ ሰው ምንም አይልም፤ እንደ ጥላ ሹልክ ይላል። ለቅሶ ቤት ላይ «እመጣለሁ» ማለት ሌላ ሬሳ መጥራት ነውና። ቅጠል የሚያኝኩት አሮጊቶች መንጋጋቸው ቆመ። ኤድዊን ራሱም የተናገረውን ሰማው፤ እጁን አፉ ላይ ጭኖ፣ ጃንጥላውን ሳይዘረጋ በዚያ ፀሐይ ሄደ።

ያልደነገጠች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ የዳያሲሪ ሚስት ሱማናዋቲ። ነጭ ለብሳ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። እሷ ያሰበችው ስለ ማንቆርቆሪያው ነበር። በሰባተኛው ቀን መነኮሳቱ ምጽዋት ከበሉ በኋላ የሟች ቤተሰብ አንድ ማንቆርቆሪያ በጋራ ይዞ፣ ውሃውን ጽዋው ሞልቶ እስኪፈስ ያንቆረቁራል። የምጽዋቱ በረከት ለሟቹ የሚደርሰው እንደዚያ ነው። እሷና ዳያሲሪ ልጅ አልወለዱም። የሱ ሰው ሁለት ነው፤ ያሳደገው ወንድሙና ሜዳ ላይ ያረጀበት ወዳጁ። አንደኛው ከቀረ ውሃው ተንጋዶ የሚወርድ፣ ዳያሲሪም መንገድ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ የሚያይ መሰላት። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ ሁለቱ እጆች እዚያ ማንቆርቆሪያ ላይ እንዲያርፉላት ብቻ።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲከብድ፣ በአጥሩ ላይ የታሰሩት ነጫጭ ጨርቆች በነፋስ ሲነሱና ሲወድቁ፣ ዓይኗ እነሱ ላይ ፈዞ ይቀራል። ያኔ እሱ በሐሳቧ ይመጣል።

መጀመሪያ ያየችው በከተማው ሜዳ፣ ከአክስቷ ጋር የድንጋዩ ግንብ ላይ ተቀምጣ ነው። ዱላ ይዞ ገባ። ሌሎቹ ኳሷን እንደ እባብ ይቀጠቅጧታል፤ እሱ ግን አይመታትም ነበር። አልፋው ልትሄድ ስትል ብቻ፣ «ወዴት ነሽ?» እንደሚል ሰው ዱላውን ጠጋ ያደርግላታል። ኳሷም ወዳሰበችበት፣ ሰው ወደሌለበት፣ በሣሩ ላይ እየተንሸራተተች ትሄዳለች። አክስቷ «ይሄ ልጅ እንቅልፉን ሳይጨርስ ነው የመጣው» አለች። ያ እንቅልፋም እስኪመሽ ማንም ከሜዳው ሳያስወጣው ዋለ።

በማግስቱ ደግሞ ኳሷን ያዘ። አልሮጠም፤ ጎረቤት ቤት እሳት ሊጭር እንደሚሄድ ሰው ዝግ ብሎ ተራመደና ግራ እጁን አነሳ። ኳሷ ከመቺው ዓይን በላይ ወጣች፤ እዚያም ነፋሱ ላይ ጥቂት የተቀመጠች መሰለች። መቺው ሊገናኛት ወደ ፊት መጣ። ኳሷ ግን ካሰበው ቦታ ስንዝር ቀርታ ወደቀች፤ ዞራም ከኋላው ያሉትን እንጨቶች አንኳኳች፣ መቺውም ወጣ። ያ ልጅ አድጎ ለስሪላንካ ቡድን ሲጫወት፣ ኮሎምቦ ላይ ጠዋት በዱላው አገሩን ከውርደት ሲያወጣና ከሰዓት በዚያች ኳስ ባዕዱን ቡድን ሲያስተኛ፣ ሬዲዮ ያላቸው ቤቶች ሁሉ በሰው ይሞሉ ነበር። ጋዜጦቹ ሁለት ሰው ነው አሉት። እሷ ግን ከሁለቱ ከየትኛው ጋር እንደምትኖር ጠይቋት የሚያውቅ የለም።

ለቀስተኛው ይመጣል፣ ወተት የሌለው ሻይ ከዘንባባ ስኳር ጋር ይጠጣል፣ ያንሾካሹካል፣ ሹልክ ብሎ ይሄዳል። አንድ ቀን በዱሮው ዘመን ተቃራኒ ሆኖ የተጫወተ ሰው ከኮሎምቦ በከዘራ መጣ። ያቺ ኳስ በሕልሙ ሳይቀር ትመጣበት እንደነበር ለአሮጊቶቹ አወራ። «አየኋት፣ አየኋት፣ አየኋት... ከዚያ የለችም» አለና ባዶ መዳፉን አሳያቸው። ሱማናዋቲ መዳፉን ስታይ አንድ ነገር ልቧን ነካው።

ዳያሲሪን የሞተ ቀን ያገኘችው እንደዚያ ነበር። ከምሳ በኋላ ግቢው ውስጥ፣ ነጭ አበባ ከሚያረግፈው ዛፍ ሥር ወንበሩ ላይ ነው ያሸለበው። ሁለት እጆቹ ጭኑ ላይ ወደ ላይ ተከፍተው፣ ትንንሽ ጣቶቹ ተነካክተው። የተኛ እንጂ የሞተ ሰው እጅ አይመስልም ነበር። የሆነ ነገር ከላይ የሚጠብቅ እጅ ነበር።

ላይነልን ጠራችው።

«ሙሉ ቀን ሜዳ ላይ ስትቆሙ» አለችው፣ «ዱላውም ሳይኖር፣ ኳሷንም ሌላው ሲወረውር፣ እጁ ላይ ምን ነበረው?»

ላይነል ግራ ገባው። «ምንም። ከጎኔ ነበር የሚቆመው፤ የመቺው ዱላ ጠርዝ የነካትን ኳስ ሊቀልብ። ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ከፍቶ። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ አንዲት አትመጣም። እሱ ግን እንደዚያው ነው።»

«ፎቶ የለህም?»

«ባዶ እጅ ማን ፎቶ ያነሳል፣ እህቴ?» አለ። ቆይቶ ግን ኳሷ ስትደርስ የዳያሲሪ እጅ አብሯት ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስል እንደነበር፣ ድምፅ እንኳን እንደማይሰማ፣ ዕድሜውን ሙሉ አጠገቡ ቆሞ ያን ከየት እንደ ተማረው አለመጠየቁን ተናገረ።

«እንግዲያው ሂድና ጋሼ ኤድዊንን ጠይቅልኝ» አለችው። «ሄጄ እመጣለሁ ብለው ከቤቴ ወጥተዋል፤ ቃላቸውን ይዤዋለሁ በላቸው። ካልመጡ እኔን ነው የዋሹት።»

ላይነል ሞት ከመጥራት ውሻ መጥራት ይሻለኛል ብሎ ጥቂት አጉረመረመ። ሄደ ግን።

በኋላ ለሷ እንደነገራት፣ ኤድዊንን ያገኘው በግቢው ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ኤድዊን ቀና ብሎ አላየውም። ላይነልም ስለ ሸራው አላነሳም፤ ዳያሲሪ መቅለብ ማን አስተማረው ብቻ አለው። ኤድዊን ወደ ዛፉ አመለከተ። እናታቸው ማንጎ ገበያ ትሸጥ ነበር፤ መሬት የነካ ማንጎ ደግሞ ገዢ የለውም። ኤድዊን ዛፉ ላይ ይወጣል፣ ትንሹ ዳያሲሪ ከሥር ይቆማል። የተፈነከተ ማንጎ ከተገኘ የሚገረፉት ሁለቱም ናቸው። «አትንጠቀው፣ ተቀበለው እለው ነበር» አለ ኤድዊን። «እንግዳ እንደምትቀበል፣ አብረኸው ውረድ እለው ነበር። ረስቼው ነው የኖርኩት።» ይህን ብሎ አንድ ማንጎ አነሳና ድንገት ወረወረለት። የላይነል ጣቶች በዕድሜ ተጣመዋል፤ ማንጎዋ አመለጠችው።

«ይኸው ነው እንግዲህ» አለ ኤድዊን። «ሜዳ ላይ ጓንቱ ነበር የሚቀልብልህ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች እዚያው ዛፍ ሥር ሳቁ፤ ሳቁ ሌላ ነገር እስኪሆን ድረስ።

ሰባተኛው ቀን መጣ። መነኮሳቱ ተከታትለው ገቡ፤ እግራቸው ታጠበ፣ በተነጠፈላቸው ነጭ ጨርቅ ላይ ተራመዱ። ኤድዊን ጃንጥላውን ታቅፎ ከኋላ ቆሟል፤ አሮጊቶቹ አዩት። ትንሹ ጠረጴዛ ላይ የዱላውም ሆነ የኳሱ ፎቶ አልነበረም። ሱማናዋቲ ያስቀመጠችው የሠርጋቸውን ነው። በሥርዓቱ የሁለቱ ትንንሽ ጣቶች በክር ታስረው አጎቷ ውሃ ሲያፈስባቸው፣ ፎቶው ላይ ዳያሲሪ በነጻ እጁ የሚንጠባጠበውን ከሥር ይቀበላል፤ የእሷ ቀሚስ እንዳይረጥብ። ያን ቀን ሰው ሁሉ «ሠርጉም ላይ ይቀልባል» ብሎ ስቆበት ነበር። ኤድዊን መነጽሩን አድርጎ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ከላይነል ጎን መጥቶ ተቀመጠ።

ማንቆርቆሪያው ቀረበ። የኤድዊን እጅ አረፈበት፣ በላዩ የላይነል የተጣመሙ ጣቶች፣ በላያቸው የሷ። ዜማው ተጀመረ፤ ወንዞች ባሕሩን እንደሚሞሉ በረከቱም ለሄደው ይድረስ የሚለው። ውሃው ቀጥ ብሎ ወረደ። ጽዋው ሞላ፤ አፉ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ፈሰሰ። ከሥሩ ያለውም ሳህን ሞላ፣ ከጠርዙም አንዲት ቀጭን የውሃ ክር ወደ ወለሉ አዘነበለች።

ያኔ ሱማናዋቲ ማንቆርቆሪያውን ለሁለቱ ወንዶች ተወችው። እጆቿ ብቻቸውን ወደ ታች ሄዱ፤ መዳፎቿ ተከፈቱ፣ ትንንሽ ጣቶቿ ተነካኩ። ውሃው ሲደርስባት አልገፋችውም፤ አብራው ዝቅ አለች። ድምፅ አልነበረውም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ስለ ዳያሲሪ ሲወራ አንዱ ዱላውን፣ ሌላው ኳሱን ያነሳላችኋል። ያንሱ፣ እውነታቸውን ነው። እናንተ ግን ስለ እኔ ብላችሁ እጆቹን አስታውሱልኝ፤ ባዶዎቹን።