የገንደ ቁርቁራ ውሃ

«አሰላሙ አለይኩም፣ የአሕመድ ቤት» አሉ በሺር፣ በትራቸውን ተደግፈው ከአንድ የድንጋይ ክምር ፊት እየቆሙ። ከዚያም መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ከፍርስራሹ መሀል ከበቀለው ቁልቋል በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ሽማግሌው ግን ራሳቸውን ነቀነቁና ወደሚቀጥለው ክምር አለፉ።

ዱኒያ የስልኳን መቅጃ ከፍታ ከኋላ ከኋላቸው ትከተላለች። ድሬዳዋ ውስጥ የታሪክ መምህርት ናት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በቢዮ አዋሌ ዙሪያ ያሉትን የገጠር መንደሮች ታሪክ ከአዛውንቶች አፍ ትሰበስባለች፤ ማን እንደመሠረታቸው፣ ስማቸው ከየት እንደመጣ፣ ነዋሪው የት እንደሄደ። ስለ ገንደ ቁርቁራ ስትጠይቅ ሰው ሁሉ ወደ በሺር ነበር የጠቆማት። መንደሩ ባዶ ከቀረ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። መንገደኛው አቋራጩን ትቶ በዙሪያ ይሄዳል። እሳቸው ብቻ ከቢዮ አዋሌ እየመጡ እያንዳንዱን ቤት በባለቤቱ ስም ሰላም ይሉታል።

የዱኒያ አባት የተወለደው እዚህ ነው። ይህንንም የሰማችው ከአክስቷ ነው እንጂ እሱማ ስለ መንደሩ ሲጠየቅ «ድንጋይ ነው» ከማለት ሌላ ተናግሮ አያውቅም። ለበሺር አልነገረቻቸውም። መጀመሪያ ታሪኩን በእንግዳ ጆሮ ልስማው ብላ ነው።

ከሁሉም ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ግድግዳው ገና እስከ ግማሹ የቆመ ቤት ጋ ሲደርሱ በሺር ፊታቸውን ወደ ሸለቆው አዙረው አለፉ።

«አባ በሺር፣ ይሄን ዘለልከው» አለች። እንደ ድሬ ልጅነቷ ሽማግሌውንም «አንተ» ነው የምትላቸው።

«አልዘለልኩትም። ለዚህ ቤት ሰላምታ የለኝም።»

«የማን ነበር?»

«የዓደን።»

ስልኩ እጇ ላይ ከበዳት። ዓደን አያቷ ነው።

በሺር ለመንደሩ ስሙን ከሰጠው ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ቁጭ አሉ። ከቤቱ ግድግዳ በታች መሬት ውስጥ የተገነባ፣ አፉ በብረት ክዳን የተዘጋ፣ ቢርካ የሚሉት የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ አለ። በበትራቸው አሳዩዋት።

«አብዮቱ ሊመጣ ሲል ነው። ዝናብ ከለከለን። ኩሬው ደረቀ፤ ውሃ ያለው የዓደን ቢርካ ውስጥ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ሰጠን፤ ሐቁን መናገር ነው። በኋላ ሰው በተቅማጥ መሞት ሲጀምር ቆለፈው። ‘ውሃው ታሟል፤ ይገድላችኋል’ አለን። ጠመንጃውን ይዞ ክዳኑ ላይ ተቀመጠ።»

«እናንተስ?»

«ወንዶቹ ከብት ይዘው ቆላ ወርደዋል። የቀረነው ሴትና ልጅ ነን። እህቴ መድና ትንሽ ነበረች። እሱ ወደ ቤት ሲገባ ጠብቃ ትሄድና ክዳኑን በድንጋይ ትመታዋለች። ቀስ አድርጋ፣ እንግዳ በር እንደሚያንኳኳው። እናቴ ተይ አላለቻትም። ምን ብላ ትበላት? አንድ ቀን ማንኳኳቱን ተወችው።»

ከግድግዳው በኩል ድምፅ ተሰማ። ቋ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ቋ።

ዱኒያ ዞረች። በሺር አልዞሩም።

«ፀሐይ ነው» አሉ። «ብረት ሲግል ይጮኻል። እኔም ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምለው።»

ተነስታ ወደ ቢርካው ሄደች። ክዳኑም ቁልፉም ዝጓል። በዚህ አገር አሮጌ ብረት ሰብሳቢው ቁራሌው የማይደርስበት ስፍራ የለም፤ ይህን ብረት ግን ማንም አልነካውም። መሀሉ ላይ ትንንሽ ጎድጓዳ ምልክቶች አንድ ቦታ ተሰባስበዋል። የልጅ እጅ የያዘው ድንጋይ የሚተወውን ያህል ብቻ ነበሩ። መዳፏን አሳረፈችባቸው። ፀሐይ ሲያነደው የዋለ ብረት ያቃጥላል ብላ ነበር፤ ይቀዘቅዛል። እጇን መንጭቃ አነሳች።

ስትመለስ መቅጃውን አጠፋችው።

«አባ በሺር፣ አባቴ አዩብ ነው የሚባለው። አዩብ ዓደን።»

ሽማግሌው በትራቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ተነስተው ጥለዋት የሚሄዱ መስሏት ነበር።

«የዓደን ቤተሰብ ጥሎን ሲሄድ አህያው ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ያየን የነበረው ልጅ» አሉ በመጨረሻ። «አለ እንዴ?»

«አለ። ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ልብስ ይሸጣል።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው አንድ ነገር ጠይቂልኝ፣ ልጄ። ውሃው እውነት ታሞ ነበር? ታሞ ከነበረ ዓደን ሊያተርፈን ነው የከለከለን፤ መድናንም የወሰዳት አላህ ነው። ካልታመመ ግን...» በበትራቸው መሬቱን ወጋ አደረጉ። «ይሄን ሳላውቅ ነው ያረጀሁት።»

ዱኒያ ድሬ ስትደርስ ሙቀቱ ገና አልበረደም። ታይዋን ገበያ እንደወትሮው ጢም ብሏል፤ ነጋዴው በሶማሊኛም በኦሮምኛም ዋጋ ይጠራል። አባቷ በረጅም ዘንግ ሸሚዝ እየሰቀለ ነበር። የት እንደዋለች፣ ምን እንደሰማች አንድም ሳታስቀር ነገረችው። በመሀሉ ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የልብስ ቦንዳ ላይ ተቀመጠ።

«ውሃው ታሞ ነበር?» አለችው።

«አባቴ ታሟል ይል ነበር።»

«እሱን ሰምቻለሁ።»

አዩብ ጉልበቱን በመዳፉ አሸ።

«እኛ እንጠጣው ነበር» አለ። «ልጅቷ ስታንኳኳ እቤት ውስጥ ሆነን እንሰማታለን። አባቴ ጣሳውን ያቀብለኝና ‘ጠጣና ተኛ’ ይለኛል። ጠጥቼ እተኛለሁ። ማናችንም አልታመምንም።»

አንዲት ደንበኛ መጥታ የሕፃን ልብስ ዋጋ ጠየቀች። አዩብ አላያትም። ሴትዮዋ ጥቂት ጠብቃ ሄደች።

«ታሞ ነበር በይው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሽማግሌ ነው፤ ይረፍበት። እውነቱ አሁን ማንን ይጠቅማል?»

ዱኒያ መኪናው ውስጥ ሆና ስትመኝ የመጣችው ይህንኑ መልስ ነበር። ቀላል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ብትናገር በሺር ሰላም ያገኛሉ፤ የዓደንም ቤት ከሌሎቹ እኩል ሰላም ይባላል። ማን ያውቃል? ነገር ግን የብረቱ ቅዝቃዜ ከመዳፏ አልወጣም። በቀሚሷ ብትጠርገውም እዚያው ነው።

«እኔ አልነግረውም» አለች። «ታሞ ነበር ብዬም፣ አልታመመም ብዬም አልነግረውም። የጠየቀው አንተን ነው። ነገ ጠዋት የቢዮ አዋሌ መኪና የሚነሳበት ጋ እጠብቅሃለሁ።»

አዩብ ተነስቶ ከመደርደሪያው አዲስ ሽርጥ መረጠ፤ ከሁሉ የተሻለውን፣ ጠርዙ አረንጓዴውን። በጥንቃቄ አጥፎ ፌስታል ውስጥ ከተተው። የሽማግሌ ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ ይህን ያስተማራት እሱ ራሱ ነው።

ፌስታሉን በእጁ መዘነው። ከዚያ ሽርጡን አውጥቶ ቦታው መለሰው።

«የመድና ካሳ ይመስላል። ባዶ እጄን ነው የምሄደው» አለ።