እንቁራሪቷ ያለችበት ክፍል

የልጅ ልጄ ድንጋዩን ከማተሚያ ቤት ያመጣችው ሁለት ጎረምሶች አሸክማ ነው። ሲያስቀምጡት የጠረጴዛው እግር ተንቋቋ።

«ይኼን ልታነሺ ነው ደግሞ? ወገብሽ ትርፍ አለው እንዴ?» ብላት፣ «እምዬ፣ ልስልበት ነው እንጂ ላዝለው አይደለም» አለችኝ።

አስተማሪዋ ድንጋይ ላይ ስሎ ማተምን ሲያሳዩዋት ከርመዋል። አሁን ብቻዋን የሳለችው ንጹሕ ሆኖ ከታተመ፣ ሌላ ከተማ ሁለት ዓመት እንድትማር ይልኳታል። እናቷን ከቀበርኩ ወዲህ እዚህ ቤት ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

በቅባታም ጥቁር ጠመኔ የቦዩን ዳር እንቁራሪት ከነሣሩ ሳለች።

«የሰው መልክ ጠፍቶ?»

«ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥልኝማ። አንቺ ራስሽ መቼ ትቀመጫለሽ?»

ከዚያ አስጠነቀቀችኝ። ድንጋዩ ቅባት ይይዛል። ጣት ያረፈበት ቦታ አሁን ባይታይም፣ ቀለም ሲሰጡት ጠቁሮ ይወጣል። «እንዳትነኪው፣ አደራ!»

ቀን ቀን እሷ ሥራዋ ስትሄድ እኔና ድንጋዩ እንቀራለን። መጀመሪያ አቧራ እንዳይገባ ብዬ በሩን እዘጋ ነበር። ኋላ ሰበብ እየፈለግሁ እገባ ጀመር። መንገዱን አስባለሁ፤ ድንጋዩን የሚቀቡትን አሲድ አስባለሁ፤ ስትታመም ውኃ የሚያቀብላት ማጣቷን አስባለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ?

አንድ ቀን ፀጉሬን ቅባት ተቀብቼ፣ መዳፌ ሳይደርቅ እዚያ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። እጄ ከእንቁራሪቷ ዓይን በላይ አንድ ስንዝር ነበር። ማን ያውቃል? ብታውቅም «አርጅታ ነው፣ ረስታው ነው» ትላለች። አንዱን እጄን በሌላው ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ «ቆልፊና ቁልፉን ይዘሽ ሂጂ» አልኳት።

«ድመት የለን! ማንን ፈርተሽ ነው?»

«እኔን።»

ሳቀች። ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። ቆልፋ፣ ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

ድንጋዩን ወስደው ያተሙ ዕለት ወረቀቱን ይዛ መጣች። አንድ ነጥብ አልነበረበትም።

«እምዬ፣ ብቀርስ?»

«ትሄጃለሽ» አልኳት። 

ልትሄድ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም ዘረዘርኩላት፦ አሲዱ ጋ ስትሆኚ መስኮት ክፈቺ፣ ከባድ ነገር አታንሺ፣ ሹራብሽን አትርሺ፣ በባዶ ሆድሽ አትውጪ። «እሺ እምዬ፣ እሺ» ትላለች። የምላት ሲያልቅ መሄዷ ስለሆነ፣ «መስኮት ክፈቺ» ከሚለው እንደገና ጀመርኩ።