ያልተቆለፈው አክስል

"ካምቢዮው ደርቋል፤" አለች መካኒኳ ተጎትታ ከመጣችው ትንሽ ነጭ መኪና ሥር በጀርባዋ እንደተኛች። "ዘይቱ በሙሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። የግራው አክስል ከካምቢዮው ወጥቶ ተንጠልጥሏል።"

"ምን አልሽ? አልሰማሁም!" አለ ኢንጂነሩ ከላይ።

ሰምቷታል። የሚያብረቀርቀው ጫማው ከጎማው አጠገብ ይታያታል። ሰውየው ውሸት ሲያዘጋጅ የቀኝ ጫማው ጫፍ መሬቱን ይመታል፤ አሁን እየመታ ነበር።

ኢንጂነሩ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ ኢንጂነር ግን አይደለም። ቢሮው ግድግዳ ላይ በመስታወት አስገብቶ የሰቀለው ወረቀት የሦስት ሳምንት ሥልጠና የወሰደበት ነው፤ ሥልጠናውም የመኪና ቀለም ስለ መቀባት ነበር። ወረቀቱን ጠጋ ብሎ ያነበበ ደንበኛ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጋራዡን ከአባቱ ወረሰ፤ ሙያውን የወረሰችው ግን እሷ ናት። ሽማግሌው አንዱ ልጃቸው ከባድ መኪና ይዞ አገር ለአገር ሲዞር፣ ሌላው በወሬ ሲወፍር ቢያዩ፣ ምራታቸውን ከመኪና ሥር አስገብተው የሚያውቁትን ሁሉ አስተማሯት። ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆናቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ ኢንጂነሩ ለጋራዡ የጨመረለት ነገር ቢኖር የሚሽከረከር ወንበር ነው።

የመኪናዋ ባለቤት የሒሳብ መምህርት ናት። የፈተና ወረቀት የታጨቀበት ፌስታል ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሲርበተበት እንደምታይ ሁሉ ኢንጂነሩን ታየዋለች።

"እንደገና ልንገርዎት፤" አለችው። "ዛሬ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ፣ ቤቴ በር ላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሬ አቆምኳት። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ ወረድኩ። በሩን እንኳ ሳልዘጋ መንከባለል ጀመረች። የጎረቤቴን የብረት በር ገጭታ ነው የቆመችው። አክስቴ እዚያው የጎረቤቴ በር ላይ በርጩማ አውጥታ ፀጉሯን ፀሐይ ታስመታ ነበር። ስልክ ጮኸና ልታነሳ ወደ ቤት ገባች። በርጩማው አሁን ማገዶ ነው።"

"እግዜር ነው ያተረፋቸው! መቼም የእጅ ፍሬን መርሳት ያጋጥማል፤ በተለይ ሴቶች…"

"የእጅ ፍሬኑ ገመድ የተበጠሰ ነው። ትናንት መኪናዋን ሳመጣልዎት ነግሬዎታለሁ። 'በማርሽ ያቁሟት፣ ማርሽ ከፍሬን ይበልጣል' ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

"እሱማ በመርህ ደረጃ ልክ ነው፤" አለ ኢንጂነሩ፤ "መርህ እንግዲህ…" መርሁ ወዴት እንደሚሄድ ስላላወቀ ተወው።

መምህርቷ ስልክ ልትደውል ወደ ግቢው በር ራቅ ስትል ኢንጂነሩ ጉልበቱን አጥፎ ቁጢጥ አለ። ሱሪው እንዳይነካ በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ይዞታል።

"ስሚ፤" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቤተሰብ ነን። የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም። ካምቢዮው ራሱ ያረጀ ነው በያት።"

"ካምቢዮው ደህና ነው ጋሼ። አክስሉ ነው በደንብ ያልገባው።"

"ያረጀ ነው በይ አልኩሽ እኮ! ማን ገብቶ ያያል?"

"እኔ ገብቼ አየሁት።"

ተነሣ። ጉልበቱ ተንቋቋ። ቀኑን ሙሉ የሠራው ሥራ ይኸው ነበር።

ትናንት መካኒኳ እናቷን ሐኪም ቤት ይዛ ሄዳ አልነበረችም። መኪናዋ ስትታጠፍ ቀጭ ቀጭ ትል ስለነበር የግራው አክስል፣ ጎማውን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ መቀየር ነበረበት። ለነገ ማሳደር ይቻል ነበር። ኢንጂነሩ ግን "ይሄ ደግሞ ምን አላት!" ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ዛሬ ያንን ሥራ ስትፈታው እያንዳንዱ ቡሎን ስለ ሰውየው ይናገር ነበር። የጎማው መሃል ትልቁ ዳዶ በእጅ ተጠብቆ ተትቷል። የታችኛው መጋጠሚያ ከሁለት ቡሎን በአንድ ታስሯል። አክስሉን ስባ ስታወጣው ደግሞ ጫፉ ላይ የምትቀመጠው ቀጭን የሽቦ ቀለበት ተጨፍልቃ አገኘቻት። አክስል ካምቢዮ ውስጥ የሚቆለፈው በዚያች ቀለበት ነው፤ ካልተቆለፈ ሾልኮ ይወጣል፣ ማርሹም ጎማውን አይዝም። ጥርሱ ከጥርስ ጋር እስኪገናኝ በቀስታ እያዞሩ፣ ሲገናኝ አንዴ ገፋ ማድረግ፣ ቀለበቷ "ቀጭ" ብላ ስትገባ መስማት ነው። ኢንጂነሩ ግን ትዕግሥት የለውም፤ በመዶሻ ጠልዞታል። የብረቱ ትከሻ ላይ የመዶሻው ምልክት እንደ ማኅተም ጉልህ ነበር።

"አክስል በመዶሻ የሚገባ ቢሆን አናጢ ይበቃን ነበር" ይሉ ነበር ሽማግሌው። ልጃቸውን እያዩ ነበር የሚሉት።

መምህርቷ ተመልሳ መጣች። ጎንበስ ብላ የወጣውን አክስል ተመለከተች። "ይሄ የተቀጠቀጠው ምንድን ነው?"

ኢንጂነሩ ቀደም አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን አለሳልሶ፦ "መምህርት፣ አልደብቅዎትም። ትናንት የገጠመችው እሷ ናት። የወንድሜ ሚስት ባትሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ግቢ አትታይም ነበር። ምን ይደረግ፣ የቤት ነገር ነው። እንደ እናት ሆነው ይቅር ይበሏት።"

መካኒኳ የያዘችውን ቁልፍ አላስቀመጠችም። ተናደደች ማለት አይቻልም፤ ለመናደድ ከፊት ለፊት ሰው መኖር አለበት። ባሏ በስልክ የሚላትን ታውቀዋለች፦ "ቻይው፣ ታላቄ አይደል?" ሰባት ዓመት ችላዋለች። የከነከናት ሌላ ነው፤ የመምህርቷ ዓይን ከኢንጂነሩ ላይ ተነሥቶ እጇ ላይ አረፈ። በዘይት የጠቆረ እጇን፣ ነፍሰ ገዳይ እጅ እንደሚታይ ሁሉ፣ አየችው።

"አሁንም እሷ ናት የምትገጥመው?" አለች መምህርቷ።

"እኔ ራሴ ቆሜ አሠራታለሁ!"

ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ። እሷ የካምቢዮውን አፍ በጨርቅ አጸዳች፣ የተቀደደውን የዘይት መከልከያ ጎማ ቀየረች፣ ለአክስሉ አዲስ ቀለበት አስገባችለት፣ ጥርሱን ግራሶ ቀባች። በሁለት እጇ ደግፋ ቀስ እያለች አዞረችው። ተገናኘ። ገፋ አደረገችው፤ "ቀጭ" አለ። ይዛ ወደ ውጭ ሳበችው፤ ንቅንቅ የለም። መጋጠሚያውን በሁለቱም ቡሎን አሰረች፣ ጎማውን መለሰች፣ መኪናዋን አውርዳ ትልቁን ዳዶ ጎማው መሬት ከረገጠ በኋላ አጠበቀችው፣ ተመልሶ እንዳይፈታ የዳዶውን ከንፈር በመምቻ አጥፋ ቆለፈችው። በመጨረሻ ካምቢዮውን በአዲስ ዘይት ሞላች።

"አለቀ!" አለ ኢንጂነሩ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ።

"አለቀ ሲሉኝ ትናንትም ሰምቻለሁ፤" አለች መምህርቷ። "በምን ልመን?"

"በኔ! ኢንጂነር ነኝ እኮ። በሙሉ ኃላፊነት ነው የምናገረው።"

ከጋራዡ በር ፊት ለፊት መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። መካኒኳ መኪናዋን አውጥታ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋ አቆመቻት፣ አንደኛ ማርሽ አስገባች፣ ሞተሩን አጠፋች። ወደ ጎን ወንበር ተሻግራ፣ መምህርቷ በእሷ ቦታ ተቀምጣ ፍሬኑን እስክትረግጥ ጠብቃ ወረደች።

"ጋሼ፣" አለች፣ "ይምጡና ከፊቷ ይቁሙ።"

"ከምኗ?"

"ከፊቷ። ኃላፊነቱ የእርስዎ አይደል?"

ኢንጂነሩ ሳቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "ሄሎ? አዎ… አዎ፣ ጌታዬ…" እያለ ወደ ግቢው ፈቀቅ አለ። ስልኩ አልጮኸም ነበር።

መካኒኳ ራሷ ወደ ታች ወርዳ በተጣመመው የፊት መከላከያ ፊት ቆመች። ብረቱ ጉልበቷን ይነካል።

"እግርዎን ከፍሬኑ ያንሱ፤" አለች።

"አንቺ ሴት፣ አብደሻል? ውጪ ከዚያ!"

"ያንሱት ግድ የለም።"

መምህርቷ ለረጅም ጊዜ በመስታወቱ አሻግራ አየቻት። ከዚያ እግሯን አነሣች። መኪናዋ የጣት ስፋት ያህል ወደ ፊት ጎተት ብላ፣ የመካኒኳን ጉልበት ተጭና፣ ቀጥ አለች።

ግቢ ውስጥ ኢንጂነሩ ማንም ለሌለበት ስልክ ይስቃል።

መምህርቷ አንገቷን በመስኮት አወጣች። "ትናንትም የገጠምሽው አንቺ ነሽ?"

የኢንጂነሩ ሳቅ ቆመ። ጆሮው እዚህ ነው። መካኒኳ ባሏን አሰበች፤ ዛሬ በስልክ የሚላትን፣ ነገም የሚላትን። ጉልበቷን ከብረቱ ሳታላቅቅ መልስ ሰጠች።

"አይደለሁም፤" አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ትናንት እሱ ነው። እኔ የገጠምኩት ይሄን ነው።"