ቦቲውን እንዳያወልቅ

ወንድሜ መሳፍንት ሲስቅ ደስ አይለኝም። ከሳቀ ሊያጣድፈኝ ነው ማለት ነው። የዚያን ቀን ጠዋትም ሞላሌ ካለችው የሞባይልና የራዲዮ መጠገኛ ሱቄ እየሳቀ ገባ፤ ጊታሩን አዝሎ፣ ፔዳሉን በጋቢው ሸፍኖ። ፔዳል የሚለው በእግር የሚረገጥ የብረት ሳጥን ነው። የጊታሩን ድምፅ ከትልቅ ማጉያ የወጣ አስመስሎ ቀጥታ ወደ ሞንታርቦ ይልከዋል። የጊታር ማጉያ ተሸክሞ የእኛን ዳገት የሚወጣ አህያ እስኪገኝ ድረስ መሳፍንት ያለዚህች ሳጥን ሰርግ ላይ መጫወት አይችልም።

«ቀጥታ የሚወጣው ድምፅ ጠፋብኝ» አለ። «ሰርጉ ደግሞ ዛሬ ነው።»

«ትናንትስ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ትናንትማ ይሠራ ነበር፣ እስኩ።»

እያጉረመረምኩ ከፈትኩት። የመውጫው ሽቦ ብየዳው ለቆ ነበርና መልሼ በየድኩት። ፔዳሉ ኮረንቲ የሚያገኝበትን የራሱን ቻርጀር ጥሎታል፤ መቼም የማይጥለው ነገር የለም። ከመደርደሪያዬ ላይ ካሉት ሁለት አሮጌ ቻርጀሮች አንዱን ሰጠሁትና ከሱቁ ሞንታርቦ ጋር አገናኘነው። ጊታሩ ጮኸ። አብሮት ግን እምምም የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀፎ አጠገብ የቆምን ይመስል ነበር። ሳጥኑን በእጄ ስነካው ይቀንሳል፣ ስለቀው ይመለሳል።

መሳፍንት በር ላይ ቆሞ ሰማዩን ያያል። «ዝናቡ ሳይመጣ፣ እስኩ። ሙሽራው መንገድ ጀምሯል አሉ።»

እንዲህ ያለውን እምምታ ለማጥፋት ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ሳጥኑን ከሞንታርቦው ጋር የሚያያይዘውን የምድር ሽቦ ከውስጥ ቆረጥኩት። ወዲያው ጸጥ አለ፤ የቀረው የጊታሩ ድምፅ ብቻ ነው። መሳፍንት ጉንጬን ስሞኝ፣ የጎማ ቦቲውን አጥልቆ በጭቃው ሄደ። የሰርጉ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የመብራት ምሰሶው የሚያበቃበት ጋ ነው። በበልግ በዚያ መንገድ ባጃጅ አይሞከርም።

ከቀትር በኋላ የአንዲት ደንበኛዬን ራዲዮ ልሞክር ብዬ ሁለተኛውን ቻርጀር ሰካሁና ጫፉን ያዝኩ። ኮረንቲው እስከ ብብቴ ነዘረኝ። ወርውሬው፣ ኮረንቲ ሲያገኝ የሚበራውን ቴስተሬን ጫፉ ላይ ባስጠጋው መብራቱ ቦግ አለ። ከቻርጀር ጫፍ እንዲህ ያለ ነገር አይጠበቅም፤ የግድግዳው ኮረንቲ እዚያ ድረስ መዝለቅ የለበትም። ነቅዬ ሳራግፈው ከስንጥቁ ውሃ ጠብ አለ። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ቆርቆሮው የተበሳው ልክ ከመደርደሪያው በላይ ነው። ሁለቱም ቻርጀሮች ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብባቸው አድሯል።

ያኔ ነው የገባኝ። ያ እምምታ ከቻርጀሩ የሚያመልጠው ኮረንቲ ነበር። በምድር ሽቦው አድርጎ ወደ ሞንታርቦው፣ ከዚያም ወደ መሬት ይሄድ ነበር። እኔ መንገዱን ቆረጥኩበት። አሁን ሳጥኑም፣ የጊታሩ የብረት ክሮችም ኮረንቲ ተሸክመው መውጫ ይፈልጋሉ፤ የቀራቸው መውጫ የወንድሜ ገላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

ደወልኩለት። ኔትወርክ የለም። እንደገና ደወልኩ። ቴስተሬን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሱቁን ሳልዘጋ ወጣሁ።

መንገዱ ዳገት ነው፤ በዚያ ላይ ዝናቡ ጀመረ። ጭቃው የፕላስቲክ ጫማዬን እየያዘ ያስቀርብኛል፤ እየተመለስኩ አነሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኝ ነበር። ቦቲ አድርጓል። ጎማ ኮረንቲ አያሳልፍም፤ ቦቲው እግሩ ላይ እስካለ ድረስ ክሮቹን ቢነካም ወደ መሬት መውረጃ የለውም። እመቤቴ ማርያም፣ ቦቲውን እንዳያወልቅ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። ቦቲውን እንዳያወልቅ፣ ቦቲውን እንዳያወልቅ እያልኩ የገብሱን ማሳ አቋረጥኩ።

ከፍታው ላይ ስደርስ ሞንታርቦው ተሰማኝ። ከበሮው አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ ከመሀል ጊታሩ ይሰማል። እንደዚያ ቀን የወንድሜን አጨዋወት ወድጄው አላውቅም። ጊታሩ ከተሰማ መሳፍንት ቆሟል ማለት ነው። ትንፋሼን ሰብስቤ ጥቂት እንደተራመድኩ ጊታሩ ቆመ። ከበሮው ቀጥሏል፣ ጭብጨባው ቀጥሏል፤ ጊታሩ ብቻ የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት በጆሮዬ ይጮህ ጀመር። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም።

ዳሱ በር ላይ መጀመሪያ ያየሁት ቦቲዎቹን ነው። ጭቃቸው ተጠርጎ ከምሰሶው ሥር ጎን ለጎን ቆመዋል።

መሳፍንት ውስጥ ነው፤ በሕይወት አለ። የሙሽራይቱ እናት እማማ በዛወርቅ ሳፋና ጆግ ይዘው ከፊቱ እየተነሱ ነው። በኋላ እንደሰማሁት፣ ጠዋት ሲደርስ ሙሽራው ስለቀደመው እግሩን ሳይታጠብ ነበር ወደ ጨዋታ የገባው። እሳቸውን ይህ ከነከናቸው። በእግሩ መጥቶ ቤታቸው የገባ እንግዳ በጭቃ እግሩ አይውልም። ለምግብ ሲያርፍ ጠብቀው፣ እንቢ እያለ ለምነው፣ ቦቲውን አስወልቀው በሞቀ ውሃ አጠቡት።

አሁን እንደታጠበ፣ በእርጥብ እግሩ፣ እርጥብ ቄጠማ ላይ ቆሟል። ጊታሩ እንደተሰካ ወንበር ላይ ተጋድሟል። የፔዳሉ መብራት በርቷል።

«መሴ፣ እንዳትነካው» አልኩ።

ከበሮው ድምፄን ዋጠው። መሳፍንት ግን አየኝ። ሳቀልኝና ለሰላምታ እጁን አነሳ፤ ከዚያ ያንኑ እጁን ወደ ጊታሩ ዘረጋ። በመሀላችን ያለውን ሰው ጥሼ ማለፍ አልችልም። ወደ ሞንታርቦውና ወደ ፔዳሉ የሚሄደው የኮረንቲ ገመድ ከቤቱ መስኮት ወጥቶ በእግሬ ሥር ያልፋል። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ያዝኩትና ባለኝ ኃይል ሳብኩት። ቤት ውስጥ የሆነ ዕቃ ተሰበረ፤ ሞንታርቦው ጭጭ አለ።

ጭብጨባው ተንጠባጥቦ ቆመ። ዳሱ ሙሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«ምነው ልጄ» አሉ እማማ በዛወርቅ። «በልጄ ሰርግ ቀን ምን ሟርት ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። ኮረንቲ ይዟል። ሊገድለው ነበር።»

ሳፋውን አዩ፣ እግሩን አዩ። «እኔ እኮ እግሩን ነው ያጠብኩት» አሉ ቀስ ብለው።

መሳፍንት ፊቱ ቀልቷል። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ፣ እስኩ። ራስሽ አይደለሽም የሠራሽው?»

«እኔው ነኝ። ራቅ በል።»

ሁሉንም አርቄ ገመዱ ተመልሶ እንዲሰካ አደረግኩ። ቴስተሬን አውጥቼ አንዱን ክር ነካሁ፤ መብራቱ ቀይ ሆነ።

«እስኪ ሌላውን» አለ።

ሌላውን ነካሁ። ያው ቀይ። መሳፍንት መብራቱን አየ፣ ከዚያ እርጥብ እግሩን አየ። ቀለሙ ከፊቱ ሲሸሽ ታየኝ። ሄዶ ቦቲውን አጠለቀና መደቡ ላይ ተቀመጠ። ገመዱን ነቀልኩት።

የሙሽራይቱ አጎት ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀረቡ። «ታዲያ ጨዋታው ሊቀር ነው?»

«የባትሪዎ ድንጋይ አዲስ ነው ጋሼ?»

ከካፖርታቸው የእጅ ባትሪያቸውን አውጥተው ሰጡኝ። ሌሎቹም ለማታ መመለሻ የያዙትን አመጡ። ፔዳሉ የሚፈልገው ስድስት ድንጋይ ነው። በተርታ ደርድሬ ከነጠላዬ ጫፍ በቀደድኩት ጨርቅ አጥብቄ አሰርኳቸው፤ የቻርጀሩን ጭራ ቆርጬ በሁለቱ ጫፍ አያያዝኩት፤ የተረፈውን ቻርጀር ከዳሱ ውጭ ወረወርኩት። ሞንታርቦው ሲመለስ የፔዳሉም መብራት በራ። ክሮቹን አንድ በአንድ በቴስተሩ ነካሁ። አልበራም። ደግሜ ነካሁ።

«ተጫወት» አልኩት።

የመጀመሪያውን ዜማ ሁለት ጊዜ ሳተው። ቀስ በቀስ ግን ከበሮው ገባ፣ ሰዉ ተነሳ፣ እስክስታው ደራ። እኔ ብቻ ከምሰሶው ሥር ተጣብቄ ቀረሁ።

ከዚያ ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ ብር አውጥተው ሊሸልሙት ተነሱ። እጃቸው ግንባሩን ሊነካ ነው፤ ቦቲው ያገደው ኮረንቲ ካለ በእሳቸው በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ድንጋይ ሰው እንደማይገድል አውቃለሁ፤ ለደንበኞቼም የምነግረው እኔ ነኝ። ፍርሃቴ ግን ይህን አያውቅም። ጫማዬን አወለቅኩና በባዶ እግሬ ቄጠማው ላይ ወጣሁ፤ ውሃው በጣቶቼ መሀል ቀዘቀዘኝ። ሽማግሌውን ቀድሜ ወንድሜ ፊት ቆምኩ። እሱ ክሮቹን እየመታ ነው። የሚሆን ነገር ካለ በእኔ ይሁን ብዬ መዳፌን ግንባሩ ላይ ጫንኩት።

ላብ ነበረው። ሞቅ ይላል። ሌላ ምንም የለም።

መሳፍንት መጫወቱን ሳያቋርጥ ባዶ መዳፌን ቀና ብሎ አየውና፣ ከጠዋት ጀምሮ የጠላሁትን ሳቅ ሳቀ።

«ብሩስ የታለ?» አለኝ።

ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ ከኋላዬ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ሰዉም ያየናል። እጄን ግን ከግንባሩ ላይ ማንሳት አቃተኝ።