እፍኝ ዱቄት

ዓሊያን የሸዋ ሮቢት ሰው በሁለት ነገር ያውቃታል፤ በእጇና በአፏ። እጇ የነካው ወጥ እጅ ያስቆረጥማል። ሠርግ ሲደገስ ድንኳኑ ሳይተከል «ዓሊያ ትመጣለች ወይ?» ነው ጥያቄው። ስለ አፏ ደግሞ ምን ልበላችሁ፤ ሽንኩርት ተራ ብቅ ስትል ሻጮቹ ከሩቅ አይተዋት የተበላሸውን ለቅመው ይደብቃሉ። እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ማድቤቷ፣ ገና የሠርጓ ሂና ባልለቀቃት ምራት የተበለጠችው።

ነገሩ የመጣው ከባሏ በሽታ ነው። አብዱልሃዲ የማሾ ነጋዴ ነው፤ ሳቅ የሚወድ፣ ከሳቅ ደግሞ ምግብ የሚያስበልጥ ሰውዬ። ባለፈው በጋ ውሃ ጥም ያዘው፣ ከሳ፣ ቀጥሎ እግሩ ደነዘዘ። «ጥጥ የምረግጥ ነው የሚመስለኝ» ይል ጀመር። ሐኪም ቤት ሲሄድ ስኳር ነው ተባለ። መድኃኒት ታዘዘለት፣ ጣት ወግተው ደም የሚለኩባት ትንሽ መሣሪያም ተገዛች፤ እንጀራና ዳቦውን ቀንስ፣ ስኳር የሚባለውን እርሳው አሉት። ዓሊያ ያን ቀን እንባዋ አልቆም አለ። አልቅሳ ስታበቃ ግን ወጡን ከወትሮው አብዝታ፣ እንጀራውን ደርባ አቀረበችለት። የታመመ ሰው ካልበላ በምን ይድናል ብላ ነው!

የልጇ የሙሀሲን ሚስት ሩዋይዳ ይህን እያየች ጥቂት ቀን ታገሠች። እዚያው ግቢ ውስጥ ባለችው ክፍል ነው የሚኖሩት። አንድ ጠዋት እጇን አጣምራ ማድቤቱ በር ላይ ቆመች።

«እማ፣ ከፈቀዱልኝ የአባባን ምሳ እኔ ልሞክረው?»

ሩዋይዳ ጅዳ፣ ዓረብ አገር፣ የቤት ሠራተኛ ሳለች እመቤቷ እንደዚሁ የስኳር በሽተኛ ነበረች አሉ። ሴትዮዋ «ጥንት እርሻ ሳይኖር፣ ሰው አድኖና ለቅሞ ሲያድር የበላውን ብቻ ነው የምበላው» ትል ነበር። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ፍራፍሬ። እህል የለ፣ ጥራጥሬ የለ፣ ወተት የለ፣ ስኳር የለ።

«ማሾም የለ?» አለች ዓሊያ።

«ማሾም የለም፣ እማ።»

«በማሾ ነጋዴ ቤት!» ዓሊያ እስኪያስላት ሳቀች። «ሞክሪ እስቲ፤ ሰውዬው እንደ ፍየል ቅጠል ሲቀነጥስ ልይ።» የፈቀደችው ከነገ ወዲያ አይዘልቅም ብላ ነው።

ዘለቀ። ኧረ ምን መዝለቅ ብቻ! ሩዋይዳ የፍየል ሥጋ በሽንኩርትና በቃሪያ ትጠብሳለች፣ ዱባ ከትፋ በዘይት ታበስላለች፣ ጎመን ከእንቁላል ጋር ታገላብጣለች፣ ከላይ ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ አለቀ። ወጥ ወጥ የሚሸት ነገር የለው፣ ቁሌት የለው። ከምሳ በኋላ ለማጣፈጫ ተምርና የተቆላ ሰሊጥ አንድ ላይ ትወቅጥና ታድቦለቡላለች። «አንዷን ብቻ ነው የምፈቅድልዎት፣ አባባ» ትለዋለች። እሱም ያቺን አንዷን ፍሬ እንደ ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚበላት። ከዚያ «ይህን እጅ አላህ ይባርከው፣ ልጄ!» ይላል፣ ግቢው እስኪሰማ። ዓሊያ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች። ሳህኑ ምን እንደበደላት እንጃ፣ ስታሸው የቀረው መሰበር ብቻ ነው።

ያም ይቅር። አንድ ቀን አብዱልሃዲ ግቢው መሃል በባዶ እግሩ ቆሞ ጮኸ። «ወጋኝ! ጠጠር ወጋኝ፣ ዓሊያ! እግሬ ተሰማኝ!» ዓሊያ ሮጣ ወጣች፤ «አልሐምዱሊላህ!» አለች፤ ከልቧም ነው ያለችው። እሱ ግን ዞሮ «ሩዋይዳ! የት አለች ሩዋይዳ?» አለ። በቃ። ቀናች። ዙሪያ ጥምጥም ምን ያስፈልጋል፣ በልጇ ሚስት ቀናች።

ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ግን ትሪው ነው። ከተጋቡ ጀምሮ እሷና አብዱልሃዲ የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነበር። ቢጣሉም፣ ተኳርፈው አንድ ቃል ሳይነጋገሩም ቢሆን፣ ከአንድ ትሪ። ጥሩ ሥጋ ሲያጋጥመው በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ እሷ በኩል ያሳልፈዋል፤ «ብዪ» እንኳ አይላትም፣ ብቻ ያሳልፈዋል። አሁን እሱ የራሱ ሳህን አለው። እሷ ትሪዋን ፊቷ አድርጋ ለብቻዋ ትቆርሳለች፤ ወደ እሷ የሚገፋ እጅ የለም።

በዚህ መሃል የባሏ ታላቅ እህት፣ እትዬ ሐምዲያ፣ ወንድሟን ልትጠይቅ ከአሊዩ አምባ መጣች። የሩዋይዳን ምግብ ቀመሰች። «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» አለች፤ ቀጥላም ወደ ዓሊያ ዞረች። «አንቺ ምነው ዝም አልሽ? ማሻአላህ በይ እንጂ። ሳይባልለት ዓይን ይገባበታል።»

ሰው ሁሉ ዓሊያን አየ። እውነት ነው፤ ይህ ሁሉ ቀን ሲበላ አንድም ጊዜ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። «ብዬ ነበር፣ በሆዴ ነው» አለችና ወጣች። ውጭ ሆና እትዬ ሐምዲያ ስትስቅ ሰማች። ያኔ ነው የማለችው። ነገ እኔ አበስላለሁ፤ ያለ እህል፣ ያለ ስኳር፣ ከዚህች ልጅ በላይ አሳምሬ። ሰውዬዬንም ወደ ትሪዬ እመልሳለሁ፤ ወላሂ!

ያሰበችው የሙዝ ቂጣ ነበር። ሩዋይዳ ስትሠራ በመስኮት አይታታለች፤ ሙዙን ፈጨት፣ እንቁላሉን መታ፣ መጥበሻ ላይ ፈሰስ። የልጅ ጨዋታ! መጠየቅ? ዓሊያ ሩዋይዳን ስለ ምግብ ልትጠይቅ? ምላሷ ይቆረጥ።

በማግስቱ ሙዙንና እንቁላሉን መትታ መጥበሻው ላይ አፈሰሰችው። የመጀመሪያው ተቦጫጨቀ። ሁለተኛው ተጣብቆ በቢላ ተፋቀ። ሦስተኛውን ልትገለብጥ ስትል ግማሹ እሳት ውስጥ ገባ። ከሳሎን እትዬ ሐምዲያ «ደረሰ ወይ፣ የኛ ባለሙያ?» አለች። ዓሊያን ላብ አጠመቃት። ዕድሜ ልኳን ሊጥ ሲቀጥንባት እጇ የሚሄድበትን ያውቃል። ሄደ። ከዱቄት ባልዲው እፍኝ ዘገነና ለቀቀው። እሷ ካየች በኋላ ነው የደነገጠችው። «አይ፣ ትንሽ ናት» አለች ለራሷ። ትንሽ ከሆነች ደግሞ ሌላ እፍኝ ምን ያደርጋል? ሙዙም ጥሬ ስለነበር ማንኪያ ስኳር ጣል አደረገችበት። ቂጣው ተነፋ፣ ወርቅ መሰለ፣ መዓዛው ግቢውን ሞላው።

አብዱልሃዲ ሲያየው አመነታ። «ዱቄት የለበትም አይደል?»

«ሙዝና እንቁላል ነው፤ ሌላ ምን ይኖረዋል?» አለች ዓሊያ። ይህንንም አፏን ሞልታ ነው ያለችው።

በላ። ደገመ። ሦስተኛውን ሲያነሳ «ይኸው የኔዋ ዓሊያ!» አለና በጉልበቱ ነካ አደረጋት። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ለሩዋይዳም ቆርሳ ሰጠቻት፤ ቀምሳ ትቃጠል ብላ ነው። ሩዋይዳ አንድ ጊዜ ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አላመጠች፣ ቀና ብላ ዓሊያን አየቻት። «ማሻአላህ፣ እማ። እጅዎ ይባረክ» አለች። ከዚያ እንደ ልማዷ ለአብዱልሃዲ ያቺን አንዷን የተምር ፍሬ ሰጠችው።

ጠዋት ሩዋይዳ እንደ ወትሮው ጣቱን ወግታ ስትለካ ፊቷ ተለወጠ። ደግማ ለካች። ቁጥሩ ሰማይ ነክቷል።

«ተምሩ ነው!» አለች እትዬ ሐምዲያ። «ተምር እኮ ማር ነው! ለስኳር በሽተኛ ተምር ይሰጣል?»

አብዱልሃዲ ደነገጠ፤ ሲደነግጥ ደግሞ ቁጣ ይቀድመዋል። «እስከ ዛሬ ስኳር ነው ለካ ስታበይኝ የኖርሽው?» ብሎ ጮኸባት። ልጅቷ ላይ ጮኾ አያውቅም ነበር።

ሩዋይዳ ዓሊያን አየቻት፤ አንዴ ብቻ። ዓሊያ አፏ አልከፈት አለ። ያ ሽንኩርት ተራን የሚያንቀጠቅጥ አፍ! ሩዋይዳ አንገቷን ደፋች። «አጥፍቻለሁ፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ» አለች።

በምሳ ሰዓት አብዱልሃዲ ሳህኑን ገፋ። «ዓሊያ፣ ትሪያችንን አምጪው። የማውቀውን ብበላ ይሻለኛል።»

አመጣችው። እንጀራው፣ የማሾ ክኩ፣ ሥጋው፣ ሁሉ እንደ ድሮው። የፍየል ጎኑን በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ እሷ አሳለፈላት። ዓሊያ ያን ቀን የበላችው ምግብ ጣዕሙ እስከ ማታ አፏ ላይ ነበር። ሩዋይዳ ከዚያ በኋላ ማድቤት መግባት ተወች፤ በራፏ ላይ ቁጭ ብላ ልብስ ትጠግናለች። ዓሊያ ስታልፍም ቀና ብላ አታያትም። እትዬ ሐምዲያ አገሯ ገባች። ሁሉም ነገር የዓሊያ ሆነ፤ የጠዋቱ ቁጥር ብቻ ከቀን ቀን እየከፋ ሄደ። እሷ ደግሞ መለኪያዋን መሳቢያ ውስጥ ከተተቻት።

አንድ ከሰዓት በኋላ አብዱልሃዲ ከጀውሃ ገበያ መጥቶ ደጃፍ ላይ ከባጃጅ ወረደ። እየሳቀ ነው፤ ማሾው ጥሩ ተሸጦለታል። ዓሊያም እየሳቀች ልትቀበለው ወጣች፤ እግሩን አየችና ሳቋ ደረቀ። በአንዱ እግሩ ነጠላ ጫማ አለ፤ ሌላው ባዶ ነው። ባዶው እግር የረገጠበት መሬት ሁሉ ቀይ ነው።

«ጫማህስ?» አለችው።

ጎንበስ ብሎ አየ። «እንዴ!» አለ። ጫማው የት እንደወለቀ አያውቅም። ጠርሙስ ስብርባሪ ተረከዙ ውስጥ ተሰክቷል፤ እሱ ግን ምንም አልተሰማውም። እየሳቀ ነበር እኮ!

ጤና ጣቢያ አጠቡለት፣ ሰፉለት። ነርሷ ስኳሩን ለክታ ዓሊያን ለብቻዋ ጠራቻት። «እናቴ፣ እንዲህ ከቀጠለ እግሩን ነው የምናጣው» አለቻት። ዓሊያ በባጃጅ ወደ ቤት መለሰችው። ባሏን አልጋ ላይ አጋድማ ወጣች፤ በቀጥታ ሩዋይዳ በራፍ ላይ ሄዳ ቆመች።

«ዱቄት ነበረበት» አለች።

ሩዋይዳ መርፌዋን አስቀመጠች። «አውቃለሁ፣ እማ።»

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ቀምሼው የለ? ስኳርም ነበረበት።»

«ታዲያ ለምን አፍሽን ዘጋሽ? እንደዚያ ሲጮህብሽ!»

«እትዬ ሐምዲያ ፊት ምን ልበል፣ እማ? እርስዎን ላዋርድዎት?»

ዓሊያ ልታለቅስ ነበር፤ ንዴቱ ቀደማት። አያችሁ? አሁንም በለጠችኝ! በእጇ በለጠችኝ፣ አሁን ደግሞ በትዕግሥቷ። ሰው እንዴት ዝም በማለት ይበልጣል? በዚህም ቀናች፤ አስተግፊሩላህ፣ በልጅቷ ዝምታ ሳይቀር ቀናች። ግን የዚያ ባዶ እግር ነገር ከዓይኗ አልጠፋም።

«ተነሺ» አለቻት። «ያለ ዱቄት እንዴት እንደሚያያዝ አሳዪኝ።»

«ሙዙ ቆዳው እስኪጠቁር ይብሰል» አለች ሩዋይዳ እየተነሳች። «እሳቱ ይቀንስ። ትንንሽ እያደረጉ ያፍስሱት፤ ራሱ እስኪለቅ ድረስ እጅዎን ይሰብስቡ።»

«እጅሽን ሰብስቢ» አለች ዓሊያ ለራሷ። ከባዱ እሱ ነበር።

ማታ ለአብዱልሃዲ ነገረችው። «ያን ዕለት ስኳርህን የሰቀለው የኔ ቂጣ ነው። ዋሽቼሃለሁ። ልጅቷ አላጠፋችም።» አብዱልሃዲ የታሰረ እግሩን አየ፣ እሷን አየ። «ከእንግዲህ የልጅቷን እጅ ብቻ ነው የምበላው» አለ። ቢሳደብ ይሻላት ነበር።

ሩዋይዳ ማድቤት ተመለሰች። መድኃኒቱም ተስተካከለ፣ መለኪያዋም ከመሳቢያ ወጣች። ዓሊያ አጠገቧ ቆማ ትከትፋለች፣ ትጠይቃለች፣ ትነጫነጫለች፤ የዱቄት ባልዲውን ግን ራሷ ተሸክማ ጎረቤት ወስዳ አስቀመጠችው። መጀመሪያ ቂጣው ተቦጨቀባት፤ ቆይቶ ተገለበጠላት። አንድ ጁምዓ ሩዋይዳን ራሷን አመማት፤ የምሳው ሰዓት ደግሞ ደርሷል። ዓሊያ አብዱልሃዲ ሳያውቅ ብቻዋን አበሰለችው፤ ሥጋውን፣ ዱባውን፣ የሙዙን ቂጣ። እጇን ሰብስባ፣ እስኪለቅ ጠብቃ።

በትሪ አድርጋ አቀረበችውና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «እኔም ከዚሁ ነው የምበላው» አለች። ሩዋይዳ ራሷ በሻሽ እንደታሰረ የውሃ ጆግ ይዛ መጥታ አጠገቧ ቆመች። አብዱልሃዲ ቢስሚላህ ብሎ ጎረሰ። ደገመ። ቆም አለና አንዱን ሥጋ በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ዓሊያ በኩል አሳለፈው፤ እግሩ ከታሰረ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ቀና አለ።

«ሩዋይዳ! የዛሬው ደግሞ ከሁሉም በለጠ። ምን አድርገሽበት ነው? ወላሂ ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም!»

ዕድሜ ልኬን! ዓሊያ ላይ ሰማይ ተደፋባት። ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ የምትጠብቃት ቃል ናት፤ ስትመጣ ለሌላ ሰው መጣች። ሩዋይዳ «አባባ፣ ይህን እኮ…» ብላ አፏን ከፈተች። ዓሊያ የቀሚሷን ጫፍ ከታች ያዝ አድርጋ ጎተተቻት፤ ጠበቅ አድርጋ። ልጅቷ ነገሩን ትታ ውሃ ቀዳች።

«ማሻአላህ በላት እንጂ» አለች ዓሊያ ለባሏ፤ ድምጿ ትንሽ ሻክሯል። «ሳይባልለት ዓይን ይገባበታል።»

«ማሻአላህ» አለ አብዱልሃዲ፣ አፉ እንደሞላ።

«ማሻአላህ» አለች ዓሊያም። የሩዋይዳን ቀሚስ ግን እስካሁን አልለቀቀችም፤ ወደ እሷ የተገፋውን ሥጋ በሌላው እጇ አንስታ ጎረሰች።